ነጭ የፒዮኒ ሥር፦ ጥናቱ ሌላ፣ ብልቃጡ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፋርማሲስት መልስ

ሰሞኑን ስለ አንድ ሥር ጥያቄ በዝቶብናል። ነጭ ፒዮኒ ይባላል። አበባውን ብዙዎቻችሁ በሠርግ ፎቶ ላይ አይታችሁት ይሆናል፤ ድርብርብ፣ ትልቅ፣ ሲፈነዳ ጭንቅላቱ የሚከብደው አበባ ነው። ቻይናና ጃፓን ግን ሥሩን ቀቅለው፣ ልጠው፣ አድርቀው ለዘመናት በመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አሁን በካፕሱል ታሽጎ በየሶሻል ሚዲያው ይሸጣል፤ ያልተባለለት በሽታም የለም። የደረሱንን ጥያቄዎች አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ ፒሲኦኤስ (የእንቁላል መልቀቅን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) አለብሽ ብላኛለች። ወር አበባዬ ሁለት ሦስት ወር ይዘላል፣ አገጬ ላይም ፀጉር ይወጣል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ታዞልኝ ነበር፤ ሆዴን ስላስቸገረኝ ተውኩት። ጓደኛዬ ባለ 500 ሚሊ ግራም የነጭ ፒዮኒ ካፕሱል አስገዛችኝ። ማስታወቂያው «ቴስቶስትሮንን (የወንድ ሆርሞን የሚባለውን) እንደሚቀንስ በሳይንስ ተረጋግጧል» ይላል። ከባለቤቴ ጋር ልጅ እንፈልጋለን። እውነት ነው ወይስ ብሬን በሉኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማስታወቂያው ከሜዳ የመጣ ውሸት አይደለም፤ ግን በሌላ መድኃኒት ስም ነው የሚነግደው።

ወሬው የተነሳው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓን ሐኪሞች ቴስቶስትሮናቸው ከፍ ላለና ወር አበባቸው ለሚዘገይባቸው 8 ሴቶች አንድ ባህላዊ መድኃኒት ሰጡ። የሰባቱ ቴስቶስትሮን ወረደ፣ ስድስቱ በየወሩ እንቁላል መልቀቅ ጀመሩ፣ ሁለቱ አረገዙ። በ1994 ደግሞ ፒሲኦኤስ ያለባቸው 34 ሴቶች ያንኑ መድኃኒት ወስደው ቴስቶስትሮናቸው እንደቀነሰ ተጻፈ። እስከ ዛሬ ሻጮቹ እየመላለሱ የሚጠቅሱት እነዚህን ነው።

መድኃኒቱ ግን ፒዮኒ ብቻ አልነበረም። ሻኩያኩ ካንዞ ቶ ይባላል፤ እኩሌታው ፒዮኒ፣ እኩሌታው ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር ነው። ሊኮሪስ ደግሞ ለብቻውም ቴስቶስትሮን ያወርዳል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት 9 ጤነኛ ሴቶች በቀን 3.5 ግራም ሊኮሪስ ብቻ ወስደው ቴስቶስትሮናቸው በግልጽ ቀንሷል። ታዲያ በጃፓኖቹ ሴቶች ላይ የሠራው የትኛው ነው? ፒዮኒው? ሊኮሪሱ? ሁለቱ አብረው? እንጀራውን በወጥ በልቶ ሲጨርስ «ያጠገበኝ ወጡ ነው» እንደሚል ሰው ካልሆንን በቀር መለየት አንችልም። በላብራቶሪ በአይጥ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ ፒዮኒፍሎሪን የሚባለው የፒዮኒው ዋና ንጥረ ነገር ቴስቶስትሮን ሲቀንስ ታይቷል፤ እሺ፣ ይሄ ፍንጭ ነው። ግን አንቺ አይጥ አይደለሽም፣ ንጥረ ነገሩም ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው፤ አይጦች ላይ ሲለካ ከመቶ ሦስት አራት እጅ ቢሆን ነው።

ደግሞ 8 ሴት፣ ያውም ማወዳደሪያ ቡድን ሳይኖር፣ ብዙ አያስኬድም። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ወር አበባዋ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። መድኃኒት በጀመረችበት ወር ቢመጣ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሰጣል። ለዚህ ነው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል የሚወስድ ቡድን ጎን ለጎን የሚያስፈልገው።

አሁን ብልቃጥሽን አምጪውና እናስላ። የቻይና መድኃኒት መጽሐፍ ደረጃውን የጠበቀ ነጭ ፒዮኒ ቢያንስ 1.6 በመቶ ፒዮኒፍሎሪን እንዲኖረው ይጠይቃል። ካፕሱልሽ ውስጥ ያለው የተፈጨ ሥር ከሆነ 500 ሚሊ ግራሙ የሚሰጥሽ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ያው መጽሐፍ ለአንድ ቀን የሚያዘው ደግሞ ከ6 እስከ 15 ግራም ሥር ተቀቅሎ እንዲጠጣ ነው። ስለዚህ ትንሹን መጠን እንኳ ለማግኘት በቀን 12 ካፕሱል መዋጥ አለብሽ። (እባክሽ እንዳታደርጊው!) ብልቃጡ ላይ «የተጠመቀ፣ 4 ለ 1» (ከ4 እጅ ሥር 1 እጅ ጭማቂ ማለት ነው) ወይም «10 ለ 1» ከተባለ ስሌቱ ይለወጣል፤ ግን የፒዮኒፍሎሪኑ መጠን በሚሊ ግራም ካልተጻፈ «10 ለ 1» የሚለው ቁጥር ብዙ አይነግርሽም።

«በሳይንስ የተረጋገጠ» ላሉሽ ደግሞ ብልቃጡን ገልብጪና በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢ። ይህ አባባል በኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) አልተገመገመም፣ ምርቱም በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም የሚል ታገኛለሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሰፕሊመንት ሕግ እንዲህ ብለው እንዲጽፉ ያስገድዳል። ከመሸጡ በፊት ይሠራል አይሠራም ብሎ የሚፈትነው መንግሥታዊ አካል የለም። ፊት ለፊት በትልቁ ያወጁትን ከጀርባ በትንሹ ሲክዱት ዝም ብዬ ነው የምስቀው።

ልጅ ስለምትፈልጊ ግን ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። ፒዮኒ ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል የሚል ስጋት ስላለ በእርግዝና ጊዜ አይመከርም። አንቺ ደግሞ ማርገዝሽን የምታውቂው ካረገዝሽ ሳምንታት በኋላ ነው፤ ወር አበባሽ ስለሚዘል ከሌላው ሰውም ትዘገያለሽ። ስለዚህ አቁሚው። ሐኪምሽ ጋ ተመለሺና ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟው ሜትፎርሚን አለ፤ ከምግብ ጋር በትንሽ መጠን ሲጀመር ብዙ ሰው ሆዱ ይችለዋል። ሁለተኛ፣ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት እንቁላል እንድትለቅ በዓለም አቀፍ መመሪያዎች ቀድሞ የሚታዘዘው ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት ነው፤ እሱን አንሺላት። በብዙ መቶ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ሕፃን ስንት እንደተወለደ የተቆጠረለት ነው፤ ቴስቶስትሮን ወረደ ተብሎ ብቻ አልታለፈም። ባለቤትሽም ይመርመር። እኛ ጋ ይሄ ነገር ሁሌ የሴቷ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርና ወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሳያደርግ ዓመታት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት። ለዚሁ በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት ትወስዳለች። ባለፈው ምርመራ የጉበቷ ኢንዛይም ትንሽ ጨመረ ተባለ። ወንድሜ ጓንጁ እየተመላለሰ ይነግዳል፤ እዚያ ሰዎች ለዚህ በሽታ የሚወስዱት ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ በቻይንኛ የተጻፈበት ካርቶን ካፕሱል አመጣላት። ከፒዮኒ የተሠራ ነው አሉት። ሜቶትሬክሴቱን ትታ ይሄን ብትወስድስ? ቢያንስ ቅጠላ ቅጠል ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ፒዮኒ ከተጠናው ሁሉ ሻል ያለው ማስረጃ ያለው ወንድምህ የነካው ቦታ ላይ ነው። ግን ሜቶትሬክሴቱን እንዳታስቆሟት። ምክንያቱን ልንገርህ።

ቻይናዎች ከሥሩ ውስጥ ፒዮኒፍሎሪንንና ዘመዶቹን አጣርተው አንድ ላይ አወጡና «የፒዮኒ ጠቅላላ ግሉኮሳይድ» የሚሉትን መድኃኒት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የቻይና መንግሥት ለሩማቶይድ አርትራይተስ ፈቀደው። እዚያ ሐኪም ነው የሚያዘው፤ የተለመደው መጠን በቀን እስከ 1.8 ግራም ይደርሳል። ያ የተጣራ ነው እንግዲህ፣ የተፈጨ ሥር አይደለም። ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ካሰላነው ካፕሱል ጋር በስም ካልሆነ በቀር አይገናኙም።

ጥናቶቹ ምን አሉ? አብዛኞቹ ይህን መድኃኒት ከሜቶትሬክሴት *ጋር* ነው የሰጡት። ተደምረው ሲታዩ ሁለቱን አብረው የወሰዱት ሕመምተኞች ሜቶትሬክሴት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ የመገጣጠሚያ እብጠታቸው ቀነስ ብሏል፣ የጉበት ኢንዛይማቸው የጨመረባቸውም ጥቂት ነበሩ። ለእናትህ የተጻፈ ይመስላል አይደል? ችግሩ ግን ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻይና ውስጥ የተሠሩ ናቸው፣ ብዙዎቹም ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደሚወስድ እያወቀ የተካሄዱ ናቸው። ሕመሜ ቀነሰ አልቀነሰም ብሎ የሚመልሰው ሰው ምን እንደዋጠ ካወቀ መልሱ መዛባቱ አይቀርም። ለሾግረን በሽታ (ዓይንና አፍን የሚያደርቀው ማለት ነው) በ2019 የታተመ ከ300 በላይ ሰው የተሳተፈበት፣ ማስመሰያ እንክብል ያለውና በበርካታ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለ፤ መጠነኛ መሻሻል አሳይቷል። የእናትህ በሽታ ሌላ ቢሆንም እንዲህ በደንብ የተሠራ ስላለ ነው የጠቀስኩልህ። ነገሩ ባዶ አይደለም።

ሜቶትሬክሴትን *ተክቶ* ይሠራል የሚል እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ግን የለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ እንደ ተራ ቁርጥማት አይደለም፤ ዝም ከተባለ አጥንቱን ይበላል፣ የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። ጣት አንዴ ከጠመመ በኋላ ቅጠላ ቅጠልም ሆነ የፈረንጅ መድኃኒት አያቀናውም።

ካርቶኑን በተመለከተ ደግሞ፣ ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ሳይፈትሸው አንድም ካፕሱል አትስጧት። ፎቶ አንስታችሁ ወንድምህ ጓንጁ ላለ ፋርማሲስት ያሳይ፤ የመድኃኒት ፈቃድ ቁጥር አለው? ወይስ የምግብ ማሟያ ነው? ይሄን የምለው ለወግ አይደለም። የመገጣጠሚያ «ቅጠላ ቅጠል» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) እና ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ተደብቆ የተገኘባቸው አሉ፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤ በ2022 እንዲህ ያለ ምርት ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ታማሚው በሁለት ቀን ሲሻለው «ተአምር ነው» ይላል። ተአምሩ ስቴሮይድ ነው። ስኳርና ግፊቱ ይወጣል፤ በድንገት ሲያቆመው ደግሞ የባሰ አደጋ ይመጣል። ሜቶትሬክሴት ላይ ሳይታወቅ ዳይክሎፌናክ መጨመርም ለኩላሊት ጥሩ አይደለም።

ለጉበቱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ሌሎች ናቸው። እናትህ ፎሊክ አሲድ እየወሰዱ ነው? ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረዋል? አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ጠላም ሆነ ጠጅ ይቀምሳሉ? ሜቶትሬክሴቱስ በእርግጥ *በሳምንት አንዴ* ነው የሚዋጠው? በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል፤ ብልቃጡን ራስህ ቁጠርላቸው። ኢንዛይሙ ትንሽ ሲጨምር ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ወይም ምርመራውን ደግሞ የሚያስተካክለው ነገር ነው። ካርቶኑ እውነተኛው መድኃኒት ሆኖ ከተገኘና ሐኪማቸው ተስማምተው ከጨመሩላቸው፣ የሚጠበቀው የጎንዮሽ ችግር በዋናነት ሆድ ማላላት ነው። እሱ ከባድ አይደለም፤ ግን ለሐኪሙ ሳይነገር እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው፣ ሹፌር ነኝ። ወደ 60 እየተጠጋሁ ነው። ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፤ እግሬን ይዤ እጮሃለሁ። አንድ ወዳጄ የጃፓን የፒዮኒ ዱቄት ሰጠኝ፤ በአሥር ደቂቃ ይለቃል አለኝ። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ዱቄቱን ያስቀምጡት፤ አይውሰዱት። ይህም ያው ከላይ ያነሳነው ሻኩያኩ ካንዞ ቶ ነው። ጃፓን ውስጥ ለጡንቻ መሸማቀቅ ሐኪሞች በሰፊው ያዙታል፤ የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሮም ተሽሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ወዳጅዎ አልዋሹም። ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ግማሹ ሊኮሪስ ነው አልኩ አይደል? እናንተ ጋ በረመዳን የሚጠጣው ጥቁሩ ዒርቅ ሱስ ከዚሁ ሥር ነው የሚሠራው። ሊኮሪስ ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። የግፊት መድኃኒትዎም ፖታሲየም ያወርዳል። ሁለቱ ሲደመሩ ጡንቻ ይዝላል፣ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል። ሹፌር ላይ ደግሞ ያስቡት።

እንዲያውም ባትዎን የሚይዝዎ ራሱ የግፊት መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ፖታሲየምና ሶዲየምዎን ይለኩ፤ ተራ የደም ምርመራ ነው። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይርልዎታል። እስከዚያው ማታ ከመተኛትዎ በፊት ግድግዳ ተደግፈው፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ አድርገው ባትዎን ይሳቡት። ሲይዝዎም የእግር ጣትዎን ወደ ራስዎ ይጎትቱ። ዒርቅ ሱስም ከሆነ ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ መድኃኒት) ላይ ነኝ። ፒዮኒ ለወር አበባ ሕመም ይረዳል ሲሉ ሰማሁ። ልሞክር?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ፒዮኒ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ፒዮኒ ያለበት የቻይና ባህላዊ ዝግጅት በልቶ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ መለኪያ) ወጥቶ እንደደማ የተመዘገበ አለ። ዝግጅቱ ውስጥ ሌላም ሥር ስለነበረ ጥፋቱ የፒዮኒው ብቻ ነው አይባልም፤ አንቺ ግን መሞከሪያ መሆን የለብሽም። ለወር አበባ ሕመም አይቡፕሮፌንም ለአንቺ አይሆንም። ፓራሲታሞልና የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ሞክሪ፤ ደሙ ከበዛብሽ ደግሞ ከልብ ሐኪምሽና ከማሕፀን ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። የሚጥል በሽታ ኖሮባችሁ ፌኒቶይን የምትወስዱም ራቁት፤ በአይጦች ላይ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ሰዓት ሲያዘገይ ታይቷል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ውስጥ ከቻይና ሱቅ የደረቀውን ሥር ተቆራርጦ አገኘሁት። እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ንጹሕ ነው ማለት ነው? ደግሞስ ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቼ ጋ ብተክለውስ?

መልስ፦ ከመጠን በላይ ነጭ ከሆነ ጠርጥሪ። በደንብ የደረቀ ሥር ወደ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ያደላል። አንዳንድ አዘጋጆች እንዲነጣና ነቀዝ እንዳይበላው በድኝ ያጥኑታል። ድኙ ፒዮኒፍሎሪኑን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል፤ ማለትም የከፈልሽበትን ነገር ይቀንስብሻል። የቻይና ደረጃ በኪሎ እስከ 400 ሚሊ ግራም የድኝ ዳይኦክሳይድ ቅሪት ይፈቅዳል፤ ሱቁ የምርመራ ወረቀት ካላሳየሽ ስንት እንዳለው አታውቂም። አሽትቺው፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ጎምዛዛ ሽታ ካለው መልሺላቸው። አስም ካለብሽ ጭራሽ አትግዢው።

መትከሉን ተዪው። ፒዮኒ ለማበብ ለሳምንታት የሚዘልቅ እውነተኛ ክረምት፣ ከዜሮ ብዙም ከፍ የማይል ብርድ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐዩ ይመልሰዋል። ሥሩም ለመድኃኒት እስኪደርስ አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሬት ላይ ቤተሰቦችሽ ስንት ዙር ገብስ ያነሳሉ።